ዓሦቹ የጾሙበት ሰሞን

ደብረ ታቦር ውስጥ ዓሣ የሚበላ ሰው ሞልቷል፤ ዓሣ የሚያበላ ግን ከአባቴ ሌላ አላውቅም። ያውም የጨው ባሕር ዓሣ። የጣና ቢሆን ጎረቤት ነው፣ ወረታ ወርዶ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይቻላል። የአባቴ ዓሦች ግን የጅቡቲ ናቸው። ብርዱ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት በዚህ ከተማ፣ የእናቴ ሶፋ በነበረበት ቦታ፣ የመስተዋት ገንዳ ውስጥ ይኖራሉ። መጀመሪያ ላይ ዓይናቸውን ማየት አልፈልግም ነበር።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ነው። እናቴ በሞተች ዓመት፣ ስኳር በሽታው ዓይኑን እያደከመው መሪውን ሊተው ሲል፣ በመጨረሻ ጉዞው ላይ፣ የጌጥ ዓሣ ሱቁን ሊዘጋ የነበረ አንድ የጅቡቲ ወዳጁ ገንዳውን ከነዓሦቹ ሰጠው። ሁለቱ ነጭ መቀነት የታጠቁ ብርቱካናማ፣ አንዱ ሐምራዊ ሆኖ ጅራቱ ቢጫ። ሚስቱን ቀብሮ፣ አፈሯ ሳይደርቅ ዓሣ ይዞ የሚገባ ሰው ምን ይባላል?

እናቴ ከሄደች ወዲህ አባቴ ምግብ ጠላ። ሰሃኑን በሁለት ጣቱ ገፋ ያደርግና "ኋላ እበላለሁ" ይላል። ኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። መርፌ እየወጋ የሚኖር የስኳር በሽተኛ ሳይበላ መዋል እንደማይችል ሐኪሟ ለሁለታችንም ደጋግማ አስረድታናለች። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ የተለያየ ነገር፣ አለችው። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ፈገግ አለ።

"ይቺ ልጅ የዓሦቼን ቀለብ ነው የነገረችኝ።"

እውነቱን ነበር። ወዳጁ ሲያስረክበው እንዲሁ ብሎታል። ብርቱካናማዎቹ ሥጋም ቅጠልም ይፈልጋሉ፤ ሐምራዊው ቅጠል ካላገኘ ይከሳል፤ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የለመደ ዓሣ ውሎ አድሮ ይታመማል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ማጥገብ ነው፣ የተረፈው ታች ወርዶ ውኃውን ያበላሸዋል። አባቴ ለዚህ የራሱን መስፈሪያ አበጀ። ቀለቡን ጣል ያደርግና አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል። አሜን እስኪል የበሉት የእነሱ ነው፤ የተረፈውን በማንኪያ ያወጣዋል። አደጋገሙም ቀስ ያለ ነበር፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያራቀ።

ውሎ አድሮ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዓሦቹ ደህና የበሉ ቀን እሱም ሰሃኑን ወደ ራሱ ይስባል። አፍንጫቸውን ያዞሩ ቀን እሱም ያዞራል። አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩና "አባባ፣ እንዋዋል" አልኩት። "ዓሦቹ ሲበሉ አንቱም ይብሉ። ሰበብ የለም።"

እጁን ዘረጋልኝ። "እነሱ ሲበሉ እበላለሁ። እነሱ ጦማቸውን ውለው ግን እኔን ብይ እንዳትዪኝ። ቃል ቃል ነው" አለ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከዓሦቹ ጋር ታረቅሁ። የእነሱ ቀለብ የእኔ ጉዳይ ሆነ።

የባሕር ውኃውን በጀሪካን፣ ሽሪምፕ የሚሉትን ትንንሽ የባሕር ፍጥረት በበረዶ፣ የደረቀውን የባሕር ሣር በላስቲክ የሚያመጡልን ድሮ የአባቴ ረዳት የነበሩ ሾፌሮች ነበሩ። ወደ ወረታ ሲያልፉ አስፋልቱ ላይ ጥሩንባ ይነፋሉ፣ እኔ ሮጬ እወርዳለሁ። ከዚያ የጅቡቲው መንገድ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፣ ሲዘጋ ይሰነብታል፤ እዚህ ለሚኖር ይህን ማስረዳት አያሻም። መብራትም ሲጠፋ አባቴ አየር የሚነፋውን ሞተር ከመኪና ባትሪ ጋር አያያዘው። ዓይኑ ትቶት እንኳ እጁ ሥራውን አልረሳም። ፍሪጅ ውስጥ የነበረው ሽሪምፕ ግን ሸተተና ጣልነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ዓሣ የማውቀው ሲጠበስ ነው። ጉሊት ወርጄ ቅጠል ሳማርጥ፣ ለማን እንደሆነ የሰሙት ሴቶች ሳቁብኝ። "የእኛ ጎመን አሮብን ለዓሣ ቆስጣ ትመርጪያለሽ?" አለችኝ አንዷ። ቆስጣውን በፈላ ውኃ ነከር አድርጌ፣ በልብስ መቆንጠጫ ከመስተዋቱ ጋር አያያዝኩት። ሐምራዊው ዞሮ ዞሮ መጣና ዳሩን ነከስ አደረገ። በማግሥቱ ግንዱ ብቻ ቀረ።

ብርቱካናማዎቹ ግን አሻፈረኝ አሉ። ዳቦ አይሆናቸውም፣ ዱቄት ውኃውን ያደፈርሳል፣ የበሬ ሥጋ ሞራው አይስማማቸውም። ኔትወርክ ብቅ ባለ ቁጥር ስልኬ ላይ ተደፍቼ እፈልጋለሁ። የሐይቅ ዓሣ ለባሕር ዓሣ ሁልጊዜ ቢሰጡት ይጎዳዋል፣ ቸግሮ ለጊዜው ከሆነ ግን ከሌላ ነገር ጋር እየተፈራረቀ ይሞከራል የሚል አገኘሁ። ወረታ የምትመላለስ ነጋዴ ጎረቤታችን ቆሮሶ የሚባለውን የጣና ዓሣ ትኩሱን ታመጣልኝ ጀመር። አጥንቱን ለቅሜ፣ እንደ ጎመን ዘር አድቅቄ ከትፌ፣ ሽታው እንዲጠራቸው በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አሸሁት። አልበሉም። አባቴም ቃሉን ጠብቆ ከአጥሚት በቀር ወደ አፉ የሚያደርገው ጠፋ። ጉንጩ ሲጎድል እያየሁ ለሁለት ዓሦች ተንበርክኬ የምለምን ሴት ሆንኩ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ትልቁ ብርቱካናማ ወደ ላይ ወጣና ቀጭ አደረገ። ተፋው። መልሶ ዋጠው። እኔ ጮህኩ። "በላ? በላ?" አለ አባቴ ዓይኑን አጥብቦ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ። ያን ቀን ግማሽ እንጀራ በሽሮ ጥርግ አድርጎ በላ። ደስታዬን የት ላድርገው።

አክስቴ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከገሳይ ማዶ ካለ ገጠር፣ ቆብ የደፋች መነኩሲት። እሱ "እታለም" ይላታል፣ እኔ "እማሆይ"። ወንድሟን ልትጠይቅ መጥታ መንገዱ ተዘጋባትና እኛው ጋ ቀረች። የሠርግ ወር ስለነበር ሱቄን መዝጋት አልችልም፤ እሱ ብቻውን አለመዋሉ ትልቅ እፎይታ ሆነኝ። ዓሦቹን ስታይ መጀመሪያ አማተበች፣ ከዚያ ወደደቻቸው። "ፈጣሪ ሥራ አይፈታ፣ መቀነታቸውን አየህ?" ትለዋለች።

ጾመ ነነዌ የሚገባ ሰሞን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቆሮሶ ስከትፍ አየችኝ።

"ነገም ሥጋ ልታበያቸው ነው? የነነዌ ንጉሥ እኮ ከብቱን ሳይቀር ነው ያስጾመው። ደሞ ዮናስን የዋጠው የማን ዘመድ ሆነና!"

አባቴ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። "እታለም እውነቷን ነው። ሦስቱን ቀን ይጹሙ" አለ።

ለዓሦቹ አልፈራሁም። ሦስት ቀን ባለመብላት እንዲህ ያለ ዓሣ አይሞትም፣ እንዲያውም ውኃው ይጠራል። የፈራሁት ሌላ ነው። "አባባ፣ አንቱ ግን ይበላሉ" አልኩት።

"ምን ተባብለን ነበር?" አለኝ።

በንጋታው የንስሐ አባቱን ለምኜ አመጣኋቸው። ገንዳው አጠገብ ቆመው "ሕመምተኛ ጾም የለበትም። ብላ ብዬሃለሁ" አሉት። "እሺ አባ" አለ። በእኛ አገር በጾም ጉዳይ እሺ ብሎ አለመብላት እንደ እንቢታ አይቆጠርም፣ እንደ ትሕትና ነው። ሰኞን እንባዬን አይቶ በሁለት ጉርሻ ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ ልሄድ ስል አክስቴን ወደ ጓሮ ወስጄ "እማሆይ፣ መርፌውን ከወጋ በኋላ ካልበላ ይወድቃል" አልኳት። "እሺ ልጄ፣ እኔ አበላዋለሁ" አለች። ከልቧ ነበር።

ለምሳ ስመለስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "ቀስ በይ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ጸሎት ላይ ነው። ምሳውን አቅርቤ ነበር፣ እንዳላቋርጠው ብዬ ከደንኩት። ከረፋዱ ጀምሮ በተመስጦ ነው ያለ። እንደ ቀደሙት አባቶች!" ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር።

አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ነው፣ ፊቱ ወደ ገንዳው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። በዚያ ብርድ ግንባሩ በላብ ርሷል። እጁን ስይዘው የሬሳ እጅ ነበር። ስኳር በጥብጬ አፉ ውስጥ ባደርግ በጺሙ ላይ ወረደ። የጮህኩት ጩኸት አስፋልቱ ድረስ ተሰምቶ ነው ባጃጅ የመጣው።

ነፍሱ ተረፈች። እሱ ግን አልተመለሰም። አንጎሉ ያለ ስኳር ብዙ ቆይቷል አለች ሐኪሟ። አሁን ባስቀመጥነው ይቀመጣል፣ ባስተኛነው ይተኛል። እኔን አያውቀኝም። አፉንም አይከፍትም ነበር፤ ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ ይዤ የምቆምበት ጊዜ ነበር፣ አጥሚቱ እስኪቀዘቅዝ።

አክስቴን አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገርኳትም። ንዴቱ ግን አለ፣ ዛሬም አለ፤ እጇን ማየት የሚያቅተኝ ቀን አለ። እሷም ታውቀዋለች። ቆብ ከደፋች ጀምሮ ሥጋ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ በየቀኑ ቢላዋ ይዛ ቆሮሶ ትከትፋለች። አጥንቱን ትለቅማለች፣ በነጭ ሽንኩርት ታሸዋለች። ቆስጣውን ታንጠለጥላለች። ዓሦቹ ደህና ናቸው፣ ቀለማቸው እንኳ አልደበዘዘም።

አንድ ቀን ቀለባቸውን ጣል አድርጋ፣ ወንድሟ እንደሚያደርገው፣ አቡነ ዘበሰማያት ብላ ጀመረች። እኔ አጥሚቱን ይዤ አባቴ አጠገብ ነበርኩ። አፉ ተከፈተ። ማንኪያውን አስገባሁ፣ ዋጠ። ደግሞ ከፈተ፣ ዋጠ። አክስቴ ጀርባዋን እንደሰጠችን አሜን አለች። አባቴም ከንፈሩን ገጠመ፤ ከዚያ በኋላ ብለምን ባለቅስ የሚከፍት ሆነ እንዴ።

በአንድ ጸሎት የሚዋጠው ጥቂት ነው፣ ሰው አያኖርም። ስለዚህ አሁን የምደግመው እኔ ነኝ። ቀስ ብዬ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያራቅሁ፣ በየመካከሉ ማንኪያ አስገባለሁ። አክስቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ትሰማለች። "ኃይል ወስብሐት ለዓለመ ዓለም" ላይ ስደርስ እቆማለሁ። አባቴ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አሜን አልልም። ማንኪያውን ሞልቼ "አቡነ ዘበሰማያት" ብዬ እንደገና ከላይ እነሣለሁ።