የጉጉቷ ጉርድ ፎቶ

ልጅ እያለሁ እንደ ጉጉት የምፈራው ነገር አልነበረም። ውሻ አልፈራም፣ የሰፈር ዱርዬ አልፈራም፣ የሒሳብ አስተማሪያችንን እንኳ ከኋላው እየቀዳሁት ክፍሉን በሳቅ የማፈርስ ጉደኛ ነበርኩ። ጉጉት ስትጮህ ግን ሮጬ ቤት እገባለሁ። እኛ ሰፈር፣ ልደታ፣ ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባል ነበር። የታመመ ሰው ካለበት ቤት አጠገብ ከጮኸችማ አለቀ፣ ደቀቀ!

የእኛ ቤት ደግሞ የታመመ ሰው ነበረበት። እናቴ ሳንባዋን ታማ ከሆስፒታል ብትወጣም ከአልጋዋ መነሳት አልቻለችም። አባቴ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ስለነበር ቤቱን የያዝነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ነን። በዚያው ክረምት መውጫ ላይ አንዲት ጉጉት መጥታ፣ ግቢያችን ውስጥ ባለው አሮጌ ወይራ፣ ልክ ከእናቴ መስኮት ፊት ለፊት፣ በግንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ጎጆ ያዘች። ስትጮህ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ጆሮዬን እደፍናለሁ። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ቦኖ ስሄድ ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን አቁመው ከንፈር ይመጥጡልኛል። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ ተብያለሁ፤ ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

የግቢያችን ትልቅ ሰው ጋሽ ተፈራ ነበሩ። እናቴን እንደ ልጃቸው ስለሚወዷት፣ ሰኞ ጠዋት ወይራው ይቆረጣል ብለው ወሰኑ።

«ጋሼ፣ ጫጩቶች አሏት እኮ!» አላቸው ዳዊት። «የምትጮኸው ለነሱ ነው።»

«ማን አየ?»

«ፎቶ አንስቼ አሳይዎታለሁ።»

«እስከ ሰኞ አሳየኝ። ካላሳየኸኝ ግን የእናትህን ነፍስ በወፍ አልለውጥም፣ ልጄ።»

እውነቱን ለመናገር እኔ በልቤ ከጋሽ ተፈራ ጋር ነበርኩ። ዛፉም ይቆረጥ፣ ወፏም ወደዚያ ትሂድ፣ እማዬ ብቻ ትዳንልኝ!

አባታችን ከጅቡቲ ያመጣው ካሜራ ውስጥ የቀረው ፊልም ለአንድ ፎቶ የሚሆን ነበር። አርብ አመሻሽ ላይ ዳዊት ማዕድ ቤቱ ጣሪያ ላይ በሆዱ ተኛ፤ እኔ ከታች መሰላሉን ያዝኩ። የረጠበ አፈርና የከሰል ጭስ ይሸታል። ፍላሽ ካበራ ትደነግጣለች፣ ፍላሽ ሳያበራ ከዘገየ ደግሞ ይጨልማል። ጉጉቷ ከጎድጓዳው ብቅ ስትል፣ «አንሳታ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! ፊቷን ብቻ ባነሳ ምን ይረባኛል? ልጆቿም ቤቷም መግባት አለባቸው።»

ወፏ በረረች። በቃ፣ አመለጠችው ብዬ አለቀስኩ። ዳዊት ግን ንቅንቅ አላለም። ካሜራውን ዝቅ አደረገ፣ ትንሽ ወደ ግራ አዞረ፣ ትንፋሹን ያዘ። ብርሃኑ ሊጠፋ ሲል ጉጉቷ ክንፏ ሳይሰማ ተመልሳ መጣች። ቀጭ! ፊልሙ አለቀ።

ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ፎቶ ቤት እንዲታጠብ ሰጠነው። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ፎቶ አንሺው ፖስታውን ሲሰጠኝ «አሳምሬ፣ ትልቅ አድርጌ ነው የሠራሁላችሁ» አለኝ። ዳዊት በእጅሽ እንዳትነኪው ስላለኝ ሳልከፍት ይዤ ሮጥኩ። ግቢ ስደርስ ጋሽ ተፈራ መጋዝ ይዘው ቆመዋል፤ ሁለት ጎረምሶች ገመድ ያዘጋጃሉ።

ዳዊት ፖስታውን በሁሉም ፊት ከፈተው። ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ፎቶ አንሺው የለመደው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ዳር ዳሩን ሁሉ ጥሎ የጉጉቷን ፊት ብቻ አሳድጎታል። ጫጩት የለ፣ ጎድጓዳ የለ። ሁለት የፈጠጡ ዓይኖች ብቻ!

«በስመ አብ!» ብላ አንዷ ጎረቤታችን አማተበች።

«እንግዲህ አየናት» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ዓይኗ ማን ላይ እንዳረፈም አየን።»

ዳዊት ኔጋቲቩን ከፖስታው መዘዘና «ሙሉው እዚህ አለ! አሳጥቤ እመጣለሁ፣ ስለ ማርያም ጠብቁኝ!» ብሎ ወደ ሜክሲኮ በረረ። ጎረምሶቹ ግን መሰላሉን ዛፉ ላይ አስደገፉት። መጋዙ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ መገዝገዝ ሲጀምር ድምፁ ጥርሴን አንገጫገጨው።

ይኼኔ በራችን ተከፈተ። እናቴ ጋቢ ተከናንባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ስንት ጊዜ በሰው ትከሻ እንኳ አልነሳም ያለች ሴት!

«ጋሼ፣ ለእኔ ብለው ከሆነ ይተዉት» አለች እየሳለች።

«አንቺ፣ ማን ነገረሽ?»

«ጆሮዬን አላመመኝም እኮ። እሷ ልጆቿን ታበላለች። እኔ ተኝቼ ለልጆቼ ያቃተኝን ስታደርግ እያየሁ ነው የሚነጋልኝ። ቤቷን አያፍርሱባት።»

ጋሽ ተፈራ መጋዙን አስቆሙ። እናቴን በርጩማ ላይ አስቀምጠናት ዳዊትን ጠበቅን፤ እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የማየው ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ነው።

ዳዊት በላብ ተጠምቆ መጣ። ሙሉው ፎቶ ላይ ጉጉቷ አይጥ ይዛ ጎድጓዳው አፍ ላይ ቆማለች፤ ጫጩቶቿ አፋቸውን ከፍተዋል። ጋሽ ተፈራ ግን የሚያዩት ወደ ታች፣ ወደ ጥጉ ነበር። መስኮታችን እዚያ አለ። መስኮቱ ላይ ደግሞ እናቴ፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና ወደ ላይ አንጋጣ፣ ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች።

«ትስቂ ነበር እንዴ?» አሏት ፎቶውን ወደ እሷ አዙረው።

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ? በአንድ አይጥ ሲጣሉ ቢያዩዋቸው!»

ወይራው ሳይቆረጥ ቀረ። እናቴም ቀስ በቀስ ተነሳች።

ሰፈራችን ከፈረሰ ቆየ፤ ቦታው ላይ አሁን ፎቅ አለ። ዛሬ እኔም በስልኬ ወፍ ማንሳት እወዳለሁ። ልጄ «እማ፣ ወፏ እኮ አነሰች፣ ቁረጫትና አጉያት» ትለኛለች፤ በጣት ጫፍ የሚሠራ ነገር ሆኗል። እሷ ጉጉት አትፈራም፤ ጉጉት አይታም አታውቅ። ያንን ፍርሃት አልናፍቅም። ለአንዲት የታመመች ጎረቤት ብሎ መጋዝ ይዞ የሚወጣ ሰው ግን ይናፍቀኛል።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድም ወፍ ሳይጮህ አረፈች። ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ፣ እንደዚያ ስትስቅ የተነሳችው ሌላ አልተገኘም። ዘመዶቻችን ፊቷን ብቻ ቆርጣችሁ አሳድጉት አሉን። እኔና ዳዊት ተያየን። ሙሉውን አሳድገን ድንኳኑ ውስጥ ሰቀልነው። ለቀስተኛው ጉጉቷን እያየ ያማትባል። አንዲት ሩቅ ዘመዳችን አላስችል ብሏት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ «በለቅሶ ቤት ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለችኝ።

«ጎረቤቷ ናት» አልኳት።