የሰውዬው ዳና

ባለፈው ሳምንት፣ አረካ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ደብተር ሳርም፣ የሒሳብ መምህሯ ትዕግሥት ስልኳን ከማርመው ደብተር ላይ አስቀመጠችው። የሁለት መሮጫ ጫማዎች ፎቶ ነው፤ አንዱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ግራጫ። ትዕግሥት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጥታ በገጠሩ መንገድ ትሮጣለች። አስፋልት ላይ የለመደችው ጫማ አቀበቱና ጭቃው ላይ እያንሸራተተ አስመርሯታል። "የትኛው ይሻለኛል? በአንድ ቃል ንገሪኝ" አለችኝ።

በአንድ ቃል መናገር አይሆንልኝም፤ ተማሪዎቼም ያውቁታል። ስለ ሶሉ ጥርስ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወደ አፈሩ ዓይነት ገባሁ፤ ከአፈሩ ወደ ተረከዙ ተሻገርኩ። ደወል ሲደወል ገና ጣቶቹ ጋ አልደረስኩም ነበር። ትዕግሥት ስልኳን አንስታ፣ "እኔ ጫማ ጠየቅኩሽ፣ አንቺ ክፍለ ጊዜ ጀመርሽ" ብላ ሳቀች። በር ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለችና፣ "ለነገሩ ግራጫው የወንድ ነው፣ እሱ ይቅርብኝ" አለች።

እሷ ወደ ክፍሏ ሄደች። እኔ ቀይ እስክርቢቶዬን እንደያዝኩ ወደ ሶዶ፣ ኮሌጅ ወደነበርኩበት የመጨረሻ ዓመት ተመለስኩ።

ትውልዴ ሁምቦ ነው፤ ከተበላ ከተማ በእግር ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው ያደግኩት። አገሩ ቆላ ነው። መንገዱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አቧራና ጠጠር ስለሆነ፣ እግር የሚያርፍበትን መሬት ያምነዋል። መሮጥ የጀመርኩት ማንም ሩጪ ሳይለኝ ነው፤ ገበያ ተልኬ ስመለስ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ዝናብ ሲያባርረኝ። ሩጫው ደስታዬ ነበር፤ ሐሳብ የሆነብኝ እግሬ ነው። ገና በልጅነቴ አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ ደረስኩ። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የሷ እግር እኮ ቀድሟት ነው ያደገው" እያለች ቤቱን ታስቅ ነበር። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ኳየር ውስጥ ሁልጊዜ የኋላው ረድፍ ላይ የምቆመው፣ ቀሚሴንም መሬት እስኪነካ የማስረዝመው በዚሁ የተነሳ ነበር። ስቀመጥም እግሬን ወደ ወንበሩ ሥር መሰብሰብ ልማድ ሆነብኝ።

ኮሌጃችን በየዓመቱ የሴቶች የተራራ ሩጫ ያዘጋጅ ነበር። የሚካሄደው ጊፋታ፣ ማለትም የወላይታ የዘመን መለወጫ፣ አልፎ ትምህርት በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ ዳሞታ ተራራ ገና ከክረምቱ እርጥበት አልተላቀቀም። ሩጫው ከተራራው ግርጌ ካለ የኳስ ሜዳ ተነስቶ በአንደኛው ጎን ይወጣል፣ በሌላው ጎን ይወርዳል፣ እዚያው ሜዳ ላይ ያበቃል። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት የኮሌጁ ቡድን ሆነው ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ለመወዳደር አርባ ምንጭ ይሄዳሉ። ያንን ቡድን ኮሌጅ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ እመኘው ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሞከርኩ። ያን ጊዜ የሮጥኩት አርባ ቁጥር በሆነች የሴት ጫማ ነው፤ ሮዝ ነበረች፣ ነጭ ክር ያላት፣ ቆንጆ። አቀበቱን ጥርሴን ነክሼ ወጣሁት። ቁልቁለቱ ላይ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ጣቶቼ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጩ ጀመር። ግማሹን እንኳ ሳልወርድ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የአውራ ጣቶቼ ጥፍሮች ጠቁረው ወለቁ። ሦስተኛው ዓመት ደግሞ የመጨረሻዬ ነው፤ ያኔ ካልተሳካ ሌላ ዕድል የለኝም።

የዶርም ጓደኛዬ አስቴር የሶዶ ልጅ ናት። እሷ አትሮጥም፤ ግን ሰው እንዴት መሮጥ እንዳለበት ሁልጊዜ ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየጎተተች መናኸሪያው አካባቢ ወዳሉት የጫማ ሱቆች ወሰደችኝ። ከሰዓት በኋላ የሄድነው በእኔ አሳብ ነው፤ እግር ቀን ሙሉ ሲቆምበት ስለሚያብጥ ጫማ ጠዋት መለካት ያታልላል። የሴቶቹ መደርደሪያ ከሩቅ ያስታውቃል። ሮዝ፣ ሐምራዊ፣ ብርማ። የወንዶቹ ጥቁርና ግራጫ ሆኖ ከታች ተደርድሯል። እኔ ሳላስበው ዓይኔ ታች ያሉት ላይ ቀረ።

"ለማን ነው፣ እህቴ?" አለ ባለሱቁ፤ ቀልድ የሚወድ ወጣት ነበር።

"ለወንድሜ" አልኩ ፈጥኜ።

አስቴር ዞር ብላ አየችኝ። ወንድም እንደሌለኝ ታውቃለች። ልጁ አርባ ሁለት ቁጥር አውጥቶ ሰጠኝና ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ማውለቅ ስጀምር ግራ ገባው።

"ታዲያ አንቺ ምን ያስለካሻል?"

"እግራችን እኩል ነው።"

እግሬን አየ፤ ፊቴንም አየ። "ወንድምሽ ታድሏል" አለ ረጋ ብሎ። "ሚስትም የምትመርጪለት አንቺ ነሽ?"

አስቴር ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች። እኔ አንገቴን ደፍቼ ክሩን አሰርኩ።

ለተራራ የሚሆን ጫማ እንዴት እንደሚመረጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ፣ የስፖርት መምህራችንንም አሰልችቼ ነበር። የዳሞታ አፈር ቀይና የሚጣበቅ ነው። የሶሉ ጥርሶች ከተቀራረቡ ጭቃው በመካከላቸው ይሞላና ጫማው እንደ ሳህን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ጥርሶቹ ረዘም ብለው ከተራራቁ ግን በየእርምጃው ጭቃውን እያራገፉ ይሄዳሉ። ጎማው በጥፍር ሲጫኑት ትንሽ እሺ ማለት አለበት፤ ድርቅ ያለ ጎማ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይይዝም። አፍንጫው ጠንካራ ይሁን፣ ከጣት ፊት ግን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ይተው። ይህን የሚፈትኑት ቁልቁል ቆመው ነው። ስለዚህ የሱቁ ደረጃ ላይ ወጥቼ፣ የእግሬን ፊት ወደ ታች አዘቅዝቄ፣ ባለሱቁ እያየኝ ብዙ ጊዜ ዘለልኩ። የወንድ ጫማ አንድ ጉድለት ነበረው። የሴት ተረከዝ ብዙውን ጊዜ ቀጠን ስለሚል የእኔ ከኋላ ይዋኝ ነበር። ለዚህም መላ አለው፤ ብዙ ሰው ክር የማያስገባባት የመጨረሻዋ ቀዳዳ የተሠራችው ለዚህ ነው። ክሩን በዚያች ቀዳዳ አዙረው ሲያስሩት ቁርጭምጭሚትን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

ይህን ሁሉ አውቄ፣ ጥቁሩ ጫማ ሁሉንም ፈተና አልፎ፣ አሁንም እጄ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደ። አንዲት አርባ አንድ ቁጥር ነበረች፤ ትልቋ የሴት ጫማ፣ ሰማያዊ ሆና ሮዝ መስመር ያላት። ለካኋት። ገባች። ደረጃው ላይ ስቆምባት ጣቴ ነካ። ትንሽ ነው የነካው። ስትለመድ ትሰፋለች አልኩ ለራሴ፤ አልፌ ተርፌም ለአስቴር ነገርኳት፤ ስቃ ጨርሳ ገብታ ነበር።

አስቴር ያን ጊዜ አልሳቀችም። "ባለፈው ዓመት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ ያለቀስሽው እኮ ለዚች ቀለም ነው" አለችኝ።

ጥቁሩን ገዛሁ። ባለሱቁ ሲጠቀልለው፣ ወንድሜ ቀኝ እግሩ ከግራው ትንሽ እንደሚረዝም እንዳልረሳና ሁልጊዜ በረጅሙ እንድለካለት መከረኝ። ምክሩ ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ።

የሚቀጥሉትን ሳምንታት ማለዳ ማለዳ በኦቶና በኩል ወደ ዳሞታ በሚያወጣው መንገድ ተለማመድኩ። ሱሪዬን እስከ ጫማው ክር ድረስ አወርደዋለሁ፤ ሰው ሳገኝ ቀስ እላለሁ። ግን በእንሰቱ ጓሮዎች መካከል፣ ማንም በሌለበት፣ ቁልቁለቱን በሩጫ ስወርደው ጣቶቼ ምንም እንደማይነኩ ባወቅኩ ቁጥር ከትከት ብዬ እስቅ ነበር። የቆላ ልጅ ጭቃ ላይ መሮጥ ቻለች።

የሩጫው ዕለት ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አደረ። ጠዋት አስቴር ቅቅል ቦዬ፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ከዳጣ ጋር አምጥታ ነበር። ዳጣውን ከለከለችኝ፤ አቀበት ላይ ያቃጥልሻል ብላ ራሷ ጨረሰችው። ያን ጠዋት ሁሉም የሚያወራው ስለ አበባ ነበር። አበባ የሳይንስ ክፍል ተማሪ ናት፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈች የደጋ ልጅ። አሯሯጧ የታወቀ ነው። ከመሃል ተደብቃ ትሄዳለች፤ መጨረሻ ሜዳው ላይ ስትወጣ የሚከተላት የለም። አስቴር በበኩሏ ሜዳ ላይ አበባን የምቀድምበት ምንም ተስፋ እንደሌለ፣ አስቀድሜ ልርቃት የምችለው ሌላው ሰው በሚፈራው ጭቃ ላይ እንደሆነ ስትነግረኝ አደረች። ልክ ነበረች። ሶሌ ጭቃውን ይይዛል፤ የብዙዎቹ ይንሸራተታል።

ስለዚህ ፊሽካው እንደተነፋ ከሰው መሃል ወጥቼ አቀበቱን ያዝኩ። ከኋላዬ የሚንሸራተቱ፣ የሚሳሳቁ፣ አንዷ ሌላዋን ይዛ የምትወድቅ ይሰማኛል። ባሕር ዛፉን እንዳለፍኩ ጉሙ ዋጠኝ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረም። መንገድ እንዲያሳዩ በኖራ የተቀቡት ድንጋዮች አንድ በአንድ ከነጭ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ አንዱ ሲዘገይ መንገድ የሳትኩ ይመስለኛል። አናቱ ላይ የገብስ ማሳ ሸተተኝ፤ እርጥብ ገብስ፣ ከአንድ ጎጆ የሚወጣ ጭስም። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ባለፈው ዓመት የተቀመጥኩባትን ድንጋይ ፈልጌ ነበር። በየት በኩል እንዳለፈችኝ አላወቅኩም፤ ስፈልጋት ከጉሙ ወጥቼ ሜዳውን አየሁት።

ባዶ ነበር። መጨረሻው መስመር ጋ የቆሙት ሰዎች መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ አላወቁም። ከዚያ አስቴር ጮኸች።

መስመሩን አልፌ ሣሩ ላይ ስወድቅ አበባ ከባሕር ዛፎቹ መካከል ወጣች። ሩጫዋ አሁንም ያምራል። እጆቿን ማንሳት ጀምራ ነበር። እኔን ስታይ አወረደቻቸው፤ ግን ሩጫዋን አላቆመችም፤ ሁለተኛ ገባች። ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ ከፊቴ መጥታ ቆመች።

"አንቺ ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከተራራው።"

"ከፊቴ እኮ ማንም አልነበረም። አንድ ሰውዬ ብቻ ነው የነበረው።"

የምን ሰውዬ እንደሆነ ጠየቅኳት። ጉሙ ውስጥ ከመሃል ወጥታ ስትመራ መሬቱን አይታለች። ከፊት አንድ ዳና ብቻ ነበር፤ ትልቅ፣ የወንድ ጫማ ጥርስ በደንብ የታተመበት። ኮሌጁ መንገድ እንዲያሳይ አስቀድሞ የላከው ሰውዬ ነው ብላ አምናለች። ከኋላዋ ያለችውም ልጅ ብትጠይቃት እንደዚያው ብላታለች። እንዲያውም መንገዱን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ዳናውን ሳትለቅ፣ ሳትቸኩልም፣ ጉልበቷን ለሜዳው እያቆየች ወርዳለች።

ይህን እየተናገረች ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደ። እኔ እንደ ልማዴ ልሰበስበው ሞከርኩ፤ ግን ሣር ላይ የተዘረጋ ሰው እግሩን የት ያስገባዋል?

"ሰውዬው አንቺ ነሽ?" አለች።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

አጠገቤ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ የስፖርት መምህሩን ጠርታ፣ "ቲቸር፣ ይቺ ልጅ ወንድ መስላ አታለለችኝ" ስትል አመለከተች። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አየ፤ "ወንድ የመሰለው ጫማው ነው" አላት። "ሯጯን ከፈለግሽ ቀና ብለሽ ማየት ነበረብሽ።"

በዚያ መሃል ሌሎቹም ደረሱ። ወሬውን የሰማች ሁሉ ጭቃ የጠገበ እግሯን ከእኔ ጎን እያስቀመጠች መለካካት ጀመረች። የአበባ እግር ከእኔው አጠገብ የሕፃን ይመስል ነበር። ይህ ሁሉ ሰው እግሬን ሲያይ ይሞቀኛል፣ አፍሬ እነሳለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ኀፍረቱ አልመጣም። እንዲያውም ቀስ ብዬ፣ ደህና እንዲታይ፣ እግሬን ወደ ፊት ዘረጋሁት።

አርባ ምንጭ ሄድን። እዚያ መንገዱ ሜዳ፣ አየሩ እሳት ነበርና አበባ እኔንም ሌላውንም ጥላን ሄደች። ከሁሉም የማስታውሰው ግን አውቶብሱን ነው። አበባ ሙቀት በተሰማት ቁጥር ከኋላ ወንበር፣ "ሰውዬው መስኮቱን ይክፈቱልን" ትላለች በትህትና፤ እኔም ድምፄን አወፍሬ "እሺ ልጄ" እልና እከፍታለሁ።

ደወሉ እንደገና ሲደወል ቀይ እስክርቢቶዬ አንድ የልጅ ደብተር ላይ ነጥብ ሠርቶ አገኘሁት። ለዓመታት ሰው ሁሉ የሚያየው እግሬን ነው ብዬ ስደብቀው ኖርኩ። ሰው ግን የሚያየው የራሱን መንገድ ነበር፤ በዚያ ጠዋት እንኳ የእግሬን ዳና ከሁሉ አተኩራ ያየችው ልጅ የማን እንደሆነ አላወቀችም። ይህን ለተማሪዎቼ እንዴት እንደማስረዳ እስካሁን አላገኘሁም።

ለትዕግሥት ግን ባጭሩ ነገርኳት፦ "ሁለቱንም ልኪያቸው፤ ቁልቁል ቁሚባቸው፤ ጣትሽ የማይነካበትን ውሰጂ።" ወንድ ሴት የሚለው ለመደርደሪያው እንደሆነም ጨመርኩላት። ግራጫውን ገዛች።

ቅዳሜ አብረን ወጣን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ቀይ ሆኖ ያበራል። አቀበቱን እያወራን ወጣነው፤ አናቱ ላይ ቆም ብለን ትንፋሽ ሰበሰብን። ቁልቁለት ሲወርዱ ጉልበትን ትንሽ ማጠፍ፣ እጅን ዘርጋ ማድረግ፣ ዓይንን ደግሞ ራቅ አድርጎ መጣል እንደሚያስፈልግ ላስረዳት አፌን ስከፍት፣ ትዕግሥት እየጮኸች፣ እየሳቀች፣ ጭቃውን ወደ ኋላ እየረጨች ታች ደርሳ ነበር።