የሰዓዳ ድሪ

ነቀምቴ ገበያ ዳር ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ብር አንጥረኛ ዘንድ ሥራ የጀመርኩ ዕለት መዶሻ አልተሰጠኝም። አሮጌ ቀለበት አቀበሉኝና፣ "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ድንጋዩን ሳትሰብር አውጣ፤ ድንጋይና እሳት አይዋደዱም" አሉኝ። ሰበርኩት። ሳቁና ሌላ ሰጡኝ። ሁለተኛውንም ሰበርኩት፤ ያኔ አልሳቁም።

ቦራክስ በሚባለው ነጭ ዱቄት ብር መበየድን፣ ድንጋይን በመጨረሻ መግጠምን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደንብም ነበራቸው። አሮጌ ጌጥ የሚያስቀልጥ ሰው፣ አንጥረኛው ሰረቀኝ እንዳይል፣ ብሩን በገዛ እጁ ማቅለጫው ውስጥ ይጨምራል። ከየት አመጣኸው ተብሎ ግን አይጠየቅም። "ሰው ጌጡን የሚያስቀልጠው ቢቸግረው ነው፤ ቁስሉን አትነካካ" ይሉ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ ደንቡም ለደህና ዘመን ደግ ነበር።

እሳቸው ሲያርፉ ሱቁ ለእኔ ቀረ። አንድ ጊዜ እትዬ ሐዋ ልጇን ሰዓዳን ይዛ ከጊዳ አያና መጣች። ከወላጆቼ ጋር ከወሎ አብራ የመጣች፣ በአንድ የሰፈራ መንደር የኖረች ጎረቤታችን ናት። ለሰዓዳ ሰርግ ሦስት ቀይ የአቂቅ ድንጋይ ያለው ድሪ ሠራሁ። የመሃሉ ድንጋይ ጥጉ ተሸርፎ ነበርና ልቀይረው ስል ልጅቱ፣ "ተወው ጋሼ፣ የእኔም አንድ ጥርሴ ሽራፊ ነው" ብላ አሳቀችን። እንዳለ ገጠምኩት።

ከዓመታት በኋላ የጊዳ አያና አገር በግጭት ሲታመስ፣ የተፈናቀለው ሁሉ ጌጡን እየያዘ ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። አንድ ጠዋት አንድ ሰው ድሪ አስቀመጠና፣ "አቅልጥልኝ" አለ። ድንጋዮቹን ሳወጣ የተሸረፈውን አየሁት። የሰዓዳ ድሪ ነበር። ሰዓዳ ቸግሯት ሸጣው ይሆናል አልኩ በልቤ። አዘንኩላት፤ ደንቤን ግን አልተላለፍኩም። ሰውየው ብሩን በእጁ ጨመረ፣ እኔ ወናፉን ነፋሁ። የቀለጠውን ይዞ፣ ድንጋዮቹን ትቶልኝ ሄደ።

ወር ሳይሞላ እትዬ ሐዋ ብቻዋን መጣች። ከስታለች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣

"ወንድማለም፣ ሰዓዳ በሽሽቱ መሃል ጠፍታብናለች" አለችኝ። "ከቤት ስትወጣ ድሪው አንገቷ ላይ ነበር። ድሪውን ያየ ሰው ባገኝ የሄደችበትን አውቅ ነበር ብዬ በየገበያው እዞራለሁ። አንተ የእጅህን ሥራ አትስተውም፤ አላየኸውም?"

ሦስቱን ድንጋዮች ከመሳቢያ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩ። የተሸረፈውን በጣቷ ዳሰሰችው።

"ማን አመጣው?"

"አንድ ሰው።"

"ምን ይመስላል? ወጣት ነው? ከወዴት መጣሁ አለ?"

የድሪውን እያንዳንዱን ቀለበት ልቆጥርላት እችል ነበር። የሰውየውን መልክ ግን አላስታውስም፤ ያየሁት እጁን ብቻ ነው።

"አልጠየቅሁትም እትዬ" አልኳት።

ድንጋዮቹን በሻሿ ጫፍ ቋጠረች። "አብሽር፣ አንተ ምን ታደርግ" ብላኝ ወጣች። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። ሰዓዳ እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

በሙያው ላላችሁ ልጆች የምለው ይኸው ነው። ብር ከማቅለጣችሁ በፊት ያመጣውን ሰው ፊቱን እዩት፣ ከየት እንዳገኘው ጠይቁት። ቅር ካለው ብሩን ይዞ ይሂድ።