ጥሩዬ ስም ስትጠራ

ሶዶ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ሳይማር ከመቶ በላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ያነበበ ሰው አሳየን ካላችሁኝ፣ ቀጥታ እትዬ ጥሩዬ ጋ ነው የምወስዳችሁ። ሱቋ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ስትወጡ፣ በፎቶ ቤቱና በፀጉር ቤቱ መሃል ናት። በሩ ላይ «ጽሑፍ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ» ይላል። ባጃጄን እዚያ ጥላ ስር ነው የማቆመው። ተሳፋሪ ሲጠፋ ገብቼ እቀመጣለሁ። እኔና ትምህርት ሰባተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ ግን እሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ወባም፣ ስለ አፈር መሸርሸርም፣ ስለ መምህራን ተነሳሽነትም በነፃ ተምሬያለሁ።

አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚህ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። እሷ እዚሁ ተወለደች፤ ወላይትኛዋ ከኔ ይበልጣል። አስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣላትም። አባቷ «በይ ሱቅ ግቢ» ሲሏት «ጨርቅ መለካት ይደብረኛል» ብላ ታይፕ ተማረች። ከዚያ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ዣንጥላ ስር ታይፕራይተሯን ዘርግታ ማመልከቻ ስትጽፍ ዓመታት ቆየች። አመሏን ያወጣችው ያኔ ነው። ባለጉዳይ መጥቶ «ጎረቤቶቼ ሁሉ ያውቃሉ» ካላት፣ እጇን ከታይፑ ላይ ታነሳለች።

«ጎረቤት ስም የለውም እንዴ? ማን ማን ናቸው? ዳኛው ማንን ይጥራ?»

ኋላ ኮምፒውተር መጣ፣ ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ተማሪ ጎረፈ። ተማሪም ያው ባለጉዳይ ነው። «ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት» ብሎ ጽፎ ይመጣል። እሷም ያው ናት፤ «ማን ማን ናቸው?»

አሠራሯን ልንገራችሁ። ወረቀቱ ሲመጣላት መጨረሻ ላይ ያለውን የምንጮች ዝርዝር ነቅላ ለባለቤቱ ትሰጠዋለች። ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ትይዝና ጽሑፉ ውስጥ ያለውን ስም አንድ በአንድ፣ እንደ ክፍል አለቃ፣ ጮክ ብላ ትጠራለች። ባለቤቱ ዝርዝሩ ላይ ስሙን ካገኘ «አቤት» ይላል። ካጣ ዝም ነው፤ ዝም ካለ ቀይ ይሰመርበታል። ዝርዝሩ ላይ ኖሮ ሳይጠራ የቀረም ካለ ይሰረዛል። «ያልሠራውን ሰው ለምን ታሰልፈዋለህ? ፔሮል መሰለህ?» ትላለች።

«አቤት» ማለቱን ለኔ ይተዉልኛል። ፈረንጅ ሲጠራ በአፍንጫዬ፣ ፕሮፌሰር ሲጠራ ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ አቤት እላለሁ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሲጠራ ደግሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው የምለው።

«አንተ ቤኒ፣ ሥራ አታስፈታኝ!» ትላለች እየሳቀች።

ባለፈው ሰኔ፣ ሐሙስ ቀን፣ ረድኤት እያለከለከች ገባች። ረድኤት ተበላ በምትባለው ከተማ የግብርና ባለሙያ ናት። ቅዳሜና እሁድ ሶዶ እየተመላለሰች ማስተርሷን ስትማር ሦስት ዓመት ሆኗታል። የጻፈችው ስለ ቦይና ነው፤ ጎደሬ ማለት ነው። ዘሩ እስከ ተከላ ድረስ ሳይበሰብስ እንዴት ይቆያል የሚል። አማካሪዋ ዶክተር ዓምደሚካኤል ወረቀቱን መልሶባታል። ዶክተሩን አንድ ቀን ጭኜው አውቃለሁ፤ በሁለት ቃል መሃል ሻይ ታፈላለህ።

«ረድኤት…» አልኩ በሱ ድምፅ፣ «ጽሑፍሽና… ምንጮችሽ… አይተዋወቁም።»

«በትክክል እንደዚያ ነው ያለኝ! ነገ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ አስተካክለሽ ካላመጣሽ ዲፌንስ ለከርሞ ነው አለኝ። እትዬ፣ መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የትምህርት ጊዜ በዚህ ሰኔ ያልቃል። ለከርሞ ማለት ለኔ ጨርሶ ቀረ ማለት ነው!»

«ቁጭ በይ። ዝርዝሩን ያዢ» አለቻት እትዬ ጥሩዬ።

ስልሳ አንድ ስም ነበር። አንዳንዱ ዓመቱ ተሳስቷል፣ አንዳንዱ ገጽ ጎድሎታል፤ እያስተካከልን ሄድን። አራተኛው ምዕራፍ፣ ዋናው ቦታ ላይ ስንደርስ፣

«ቲቶ፣ 2008!»

ረድኤት ዝርዝሩን ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች። ዝም።

«ቲቶ!»

እኔም ዝም አልኩ። የማላውቀውን ሰው ድምፅ አላወጣም።

«እትዬ፣ እሱን አንድ መጽሔት ስም ጻፊበትና እንለፈው» አለች ረድኤት ቀስ ብላ። «ቁጥርና ገጽ ጨምሪበት። ማን ያየዋል?»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

«ከሌላ ሰው ወረቀት ላይ ነው ያገኘሁት።»

«ሌላው ሰውስ?»

«እሱም… ከሌላ ሰው።»

«እና ይሄ ቲቶ እንደ ሐሜት ነው የሚዞረው?»

ረድኤት ተነሳች። «ፊት ለፊት ያለው ኮምፒውተር ቤት በአምስት ደቂቃ ይሠራልኛል!»

«ይሠራልሻል። እሱ ሰው መፍጠር አይከብደውም። እኔ ግን ማመልከቻ ላይ እንኳን የሌለ ምስክር ጽፌ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ አልጀምርም።»

ረድኤት ፍላሹን ነቅላ በሩ ላይ ቆመች። ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ አየችው። የሱቁ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ «ነይ ነይ» ይላታል። እኔ ሄደች ብዬ ነበር። ተመልሳ መጥታ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«እሺ፤ ምን ላድርግ?»

«የወሰድሽባቸውን ወረቀቶች አውጪ።»

ስልኳ ላይ አራት ነበሩ። አራቱም ላይ ቲቶ አለ፣ አራቱም ዝርዝር ላይ የለም። አንደኛው ላይ ብቻውን ነው፤ ሁለተኛው ላይ «ቲቶና ሌሎች» ሆኗል።

«መንገድ ላይ ጓደኛ አፍርቷል» አልኩ።

እትዬ ጥሩዬ ግን አልሳቀችም። ወንበር ላይ ወጥታ ጥረዛቸው የተበላሸ ወረቀቶች የምታስቀምጥበትን ካርቶን አወረደች። አቧራውን እፍ እያለች ስታገላብጥ ቆየችና አንዱን ከፍታ ጣቷን አሳረፈችበት። በ2008 ራሷ የተየበችው ነው። «አቶ ቲቶ፣ የጉኑኖ ገበሬ፣ ቃለ መጠይቅ፣ 2008» ይላል።

ገባን። የመጀመሪያው ልጅ በትክክል ጽፏል። ቀጥሎ የመጣው «አቶ»ን ጣለበት፣ ሌላው ጉኑኖን ጣለበት፣ ሌላው «ገበሬ» የሚለውን ጥሎ ዶማውን ቀማው። ሰውዬው ሳያውቅ ተመራማሪ ሆኖ ቁጭ አለ።

«ነገ በጠዋት ጉኑኖ» አለች እትዬ ጥሩዬ። ሱቅ ዘግታ የማታውቅ ሴት!

አርብ ማለዳ ሁለቱን ጭኜ ወጣሁ። ጉኑኖ ገብተን «ቦይና የሚተክሉት አቶ ቲቶ» ስንል የመጀመሪያው የጠየቅነው ሰው በአገጩ አሳየን። አቶ ቲቶ ግቢያቸው ውስጥ እንጨት ይፈልጣሉ። «ሳሮ» ተባብለን ሰላምታው አለቀና፣ ረድኤት «አባባ፣ ስምዎ አምስት ወረቀት ላይ አለ» ስትላቸው መጥረቢያውን ጣሉት።

«እኔ ምንም አልፈረምኩም!»

አረጋግተን፣ የተጻፈውን በወላይትኛ ነገርናቸው። በሳቅ ፈረሱ።

«ይሄን የምታውቀው አማቴ ናት። ለዚያ ልጅም ነግሬዋለሁ፣ እሷን ጠይቅ ብዬ። ዝናብ መጣበትና ሄደ!»

አማታቸው እማማ ሙሉሐረግ ጎረቤት ናቸው። ከእንግዳ ጋር በአማርኛ ማውራት ይወዳሉ፤ በአማርኛ ሲያወሩ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ረድኤት ከወረቀቷ አነበበችላቸው፤ «የቦይና ዘር ተቆፍሮ እንደወጣ ወዲያው ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል።»

«ወዲያው?» እማማ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ወዲያው ከቀበርከውማ ሾርባ ነው የምታወጣው!»

ጓዳ ገብተው አንድ ቦይና ይዘው ወጡ። ከእናቱ የተቆረጠበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው አሳዩን። «ይሄ ቁስል ነው፣ ልጄ። ቁስል ሳይደርቅ ትቀብራለህ? አራት ቀን እንሰት ጥላ ስር ይተኛል። ቁስሉ ሲደርቅ ያኔ ጉድጓድ።»

ረድኤት መጻፏን አቆመች። ፊቷ ተለወጠ።

«እኔ እኮ ተበላ ላይ ገበሬውን ሰብስቤ ወዲያው ቅበሩ ብያለሁ» አለች። «አምና በሰበሰብን ሲሉኝ ዝናቡ ነው አልኳቸው።»

እማማ ትከሻዋን ቸብ አደረጓት፤ «የእኔም በሰበሰ፣ ሦስት ዓመት። በመበስበስ ነው የተማርኩት።»

እትዬ ጥሩዬ ሙሉ ስማቸውን፣ ቀኑንና ቀበሌውን ጠየቀች። ስማቸው ሙሉሐረግ አንጁሎ ነው። ረድኤት እንደለመደችው እያነበበች ጻፈች፤ «አንጁሎ፣ ሙ. …»

«አንጁሎ ለምን ቀደመ?» አሉ እማማ።

«አባትዎ ናቸው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«አባቴ ከብት ነጋዴ ነበር! ቦይና መብላት እንጂ መትከል አያውቅም። የበሰበሰብኝ እኔ፣ የሚቀድመው እሱ?»

«እውነታቸውን ነው» አለች እትዬ ጥሩዬ። «ያ ሕግ የቤተሰብ ስም ላለው ፈረንጅ ነው። እኛ ጋ አባት አባት ነው፤ የሚጠራው ባለቤቱ ነው። ሙሉሐረግ ብለሽ ጀምሪ፣ አባትየውን አስከትዪ። ሌሎቹንም ሐበሾች እንደዚያው እናስተካክላለን።»

ሶዶ ስንገባ ስምንት ሰዓት ሆኗል። እትዬ ጥሩዬ ምሳ ሳትበላ ቁጭ አለች። አንቀጹን አስተካከሉት፣ ቲቶን ከተመራማሪነት አሰናበቱት፣ እማማን መረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ላይ አስገቧቸው። ስም እንደገና ከአንድ እስከ መጨረሻ ተጠራ፤ ዝም ያለ አልነበረም። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ረድኤትን ዶክተሩ ቢሮ በር ላይ አወረድኳት። ደጅ ቆሜ ሰማሁ።

«ቲቶ… የት ሄደ?»

«ጉኑኖ ነው ያሉት፣ ዶክተር። እንጨት እየፈለጡ ነው።»

ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል።

«ይሄ… ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር… ይጋጫል።»

«ይጋጫል። እነሱ አልጠየቋቸውም።»

«ማክሰኞ…» አለ፤ እኔ ደጅ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ «…ሦስት ሰዓት። እንዳታረፍጂ።»

ማክሰኞ ረድኤት ከአዳራሹ ወጥታ በእግሯ እየሮጠች ነው ሱቁ የደረሰችው። ባጃጅ እንኳን አልጠበቀችም። «አለፍኩ! እትዬ፣ አለፍኩ!» ከሌላ አገር የመጣው ፈታኝ «ሁሉም ወረቀት ‹ወዲያው ይቀበራል› እያለ፣ አንቺ ‹አራት ቀን› የምትይው በምን ተመሥርተሽ ነው?» ብሎ አፋጥጧት ነበር። እሷም «እማማ ሙሉሐረግ አንጁሎን ቤታቸው ሄጄ ጠይቄ ነው፤ ከፈለጉ አሁን እንሂድ» ብላዋለች።

እትዬ ጥሩዬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሌላ ስምስ አልጠየቁሽም?»

«አንድም!»

«ስልሳውን በከንቱ ነዋ የጠራነው!» አለችና አቅፋት ሳቀች፤ እስኪያስነጥሳት ድረስ ሳቀች።