ቲማቲም የጫነው የቅስቀሳ መኪና

መቂ ውስጥ እትዬ አረጋሽን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ቲማቲም ሲገዙ ሣጥኑን ዘርግፈው ያያሉ፤ ሲሸጡ ግን ዘርግፎ የሚያይ ገዢ ጠላታቸው ነው። «በጣትህ አትጫን!» ብለው ሲጮኹ፣ አይሱዙአቸውን የምነዳው እኔ መርዳሳ እንኳ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ከላይ የሚደረድሩት ቲማቲም ያስጎመጃል። ከሥር ያለውን እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ዘንድሮ ምርጫው ሲቃረብ ናፍጣ ጠፋ። የተገኘችውም ለቅስቀሳ መኪና በቅድሚያ ትሰጣለች ተባለ። እኔ ማደያ ተሰልፌ ስውል የእትዬ ቲማቲም ግቢያቸው ውስጥ እየለሰለሰ ነው። በማግስቱ አዳማ ገበያ ካልገባ ለከብት ይደፋል፤ የሚቀጥለው ምርት የሚገዛበት ገንዘብ ደግሞ ከዚሁ ጭነት ነው የሚገኘው። እንደዚያ ቀን ጨንቋቸው አይቼ አላውቅም፤ አንጀቴን በሉት።

ድንገት ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ዲበኩሉ ሄዱ። ዲበኩሉ የአንዱ ፓርቲ የቅስቀሳ አስተባባሪ ነው። አዳማ ላይ ሰልፍ ጠርቷል፤ ደጋፊ የሚያጓጉዝበት መኪና ግን አጥቷል።

«መኪናዬን ውሰድ ልጄ፤ ናፍጣውን ብቻ አስቀዳ» አሉት።

«እትዬ፣ እርስዎ ደጋፊያችን መሆንዎን አላውቅም ነበር!»

«አሁን ሆንኩ።»

ናፍጣው ተቀዳ፣ ባነሩ ታሰረ። ዲበኩሉ ቀድሞን አዳማ ሄደ፤ እኛም ቲማቲሙን ጫንን፤ የፓርቲው ወጣቶች ድምፅ ማጉያ ይዘው ሣጥኖቹ ላይ ወጡ። ገና ዘፈኑ ሲከፈት መዝለል ጀመሩ። እትዬ ከጋቢናው አንገታቸውን አውጥተው «ቁጭ ብላችሁ ደግፉ!» ብለው ጮኹ። ሞጆ እስክንደርስ ልጆቹ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ለቅሶ እንደመጣ ሰው ኩርምት ብለው «እናሸንፋለን» ሲሉ ነበር።

ሞጆ መግቢያ ላይ የተቃራኒው ፓርቲ ወጣቶች መንገድ ዘግተው ጠበቁን። ከነሱ አንዳንዱ ድንጋይ አነሣ፤ የኛዎቹ ደግሞ እጃቸውን ወደ ሣጥኑ ሰደዱ። እኔ ሞተሩን አጠፋሁ። እትዬ ዘለው ወረዱ።

መጀመሪያ ወደኛዎቹ ዞረው «መልስ! በጣትህ አትጫን!» አሉ። ቀጥለው ወደነዚያ ዞሩ። «ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ፣ እዚህ ላይ የሚወዳደር የለም፤ ቲማቲም ነው። አዳማ የሚሄድ ካለ ይውጣ። መቆም ግን ክልክል ነው።»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ አንዱ ድንጋዩን ጥሎ ወጣ፤ ሌላውም ተከተለው። ለካ እነሱም ሰልፍ ነበራቸው፤ ከጠዋት ጀምሮ ትራንስፖርት አጥተው ነው መንገድ ዳር የተኮለኮሉት። ሁለቱ ፓርቲዎች ተጠጋግተው ቁጭ ብለው አዳማ ገቡ። ቲማቲሙ ተሸጠ፤ እትዬ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲያመሰግኑ አየሁ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ዲበኩሉ ግን በንዴት ጦፈ። «በኔ ናፍጣ የማንን ደጋፊ ነው ያመጣኸው?» ብሎ ጮኸብኝ። እትዬ ማስታረቂያ ብለው አንድ ሣጥን ቲማቲም ሸለሙት። ከላይ ያለውን አይቶ ወዲያው ለሰለሰ።

በማግስቱ መቂ ድረስ ሣጥኑን ተሸክሞ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ከሥሩ በስብሷል እኮ!»

«ዘርግፈህ አላየኸውም?»

«ከላዩ ሲያምር ጊዜ አመንኩዎት።»

እትዬ ሣጥኑን ተቀበሉትና እዚያው ፊቱ ዘረገፉት። ደህና ደህናውን እየለቀሙ፣ ቀና ሳይሉ መለሱለት።

«እኛም እናንተን በየምርጫው እንደዚሁ ነው የምናምናችሁ። ግን ሣጥኑን መልሶ የሚቀበለን የለም።»

ዲበኩሉ ቁጢጥ ብሎ አብሯቸው መልቀም ጀመረ።