ሽማግሌ የተላከበት ድምፅ

ስለ ጠልሀ ሲጠየቅ ሁሴን መጀመሪያ የሚለው «እኔም ያን ያህል አላውቀውም» ነው። አይዋሽም። በዴንቨር ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያ ግቢ ለዓመታት አብረው ወረፋ ጠብቀዋል፤ ምሳም ከአንድ ሳህን በልተዋል። ጠልሀ ግን ስለ ጎማ እንጂ ስለ ራሱ አያወራም። የሚታወቀው አውሮራ ከተማ መኖሩ፣ ማህፉዛ የምትባል ቀልደኛ ሚስት ያለችው መሆኑ፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ደግሞ «ሦስተኛውን ፓርቲ ነው የምመርጠው» ማለቱ ነው።

ሌላው ሾፌር እንደ ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ቀለም ለሁለት ተከፍሏል። ሰማያዊዎቹ ከግቢው በስተግራ፣ ቀዮቹ በስተቀኝ ይቆማሉ። ሁሴን ሰማያዊ ነው። የቀዮቹ አፈ ጉባኤ ወንድሙ የሚባል፣ እሁድ እሁድ ቸርች የሚዘምር ሾፌር ነው። ጠልሀ ብቻውን መሃል ላይ፣ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ፓርክ ያደርጋል።

«እስቲ የሰውዬህን ስም ጥራ» አለው ወንድሙ ጠልሀን አንድ ቀን።

«ስሙ ስለሚረዝም ነው እንጂ አውቀዋለሁ።»

«ድምፅህን ሜዳ ላይ እየደፋህ ነው፣ ወንድሜ!»

«ግሮሰሪ ስንገባ ሃያ ዓይነት እርጎ አለ። ፕሬዚዳንት ሲሆን ሁለት ይበቃሃል የምትሉኝ ለምንድን ነው?»

«ያንተ እርጎ እኮ መደርደሪያው ላይም አልወጣም!»

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ጠልሀም አብሮ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ምሳውን መኪናው ውስጥ ብቻውን ይበላ ጀመር። ሁሴን ሄዶ ሊቀላቀለው ቢፈልግም የሰማያዊዎቹን ምላስ ፈራ። ምሳውን እየበላ ዓይኑ ግን ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሄድ ነበር።

የምርጫው ወረቀት በፖስታ ወደየቤቱ በገባበት ሳምንት፣ ሁለቱ ወገኖች በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ጠልሀ መመከር አለበት። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንደሚደረገው ሽማግሌ ይላክበት ተባለ። ከቀዮቹ ወንድሙ፣ ከሰማያዊዎቹ ሁሴን፣ በገለልተኝነት ደግሞ አንጋፋው ሾፌር ጋሽ ወልደገብርኤል ተመረጡ። ጋሽ ወልደገብርኤል ገለልተኛ የሆኑት የአሜሪካ ዜግነት ስላልወሰዱና ስለማይመርጡ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሦስቱም ኮት ለብሰው ጠልሀ ቤት ደረሱ። ማህፉዛ በሩን ከፍታ አየቻቸውና ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ልጄን ልትጠይቁ ነው? ኧረ ገና ስድስተኛ ክፍል ናት!»

ጠልሀ ብድግ አለ። «ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልደገብርኤል፣ በወጉ መሠረት እንደቆሙ።

«ምኑን ነው እሺ የምልዎት?»

«ይህን ሦስተኛ የምትለውን ትተህ እንደ ሰው እንድትመርጥ ነዋ!»

ጠልሀ ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ ለእርስዎ ስል ተውኩት እንበል። ከዚያስ ማንን ልምረጥ?»

«ቀዩን!» አለ ወንድሙ። «ሰማያዊውን!» አለ ሁሴን። እኩል ነው የተናገሩት። ለካ ሽማግሌዎቹ ይህን ሳይነጋገሩበት ነው የመጡት። ወንድሙ ስለ ታክስ ጀመረ፤ ሁሴን ስለ ኢሚግሬሽን መለሰ። ድምፅ ከፍ አለ፣ ጣት መቀሳሰርም መጣ። ጋሽ ወልደገብርኤል ጉልበታቸው ዝሏል፤ ነገር ግን እሺ ስላልተባሉ መቀመጥ አልቻሉም። ግድግዳውን ተደገፉ።

በመጨረሻ ጠልሀ መሃል ገባ። «ኧረ በአላህ! ሁሴን፣ ተው። ወንድሙ፣ አንተም ተው። ይቅር ካልተባባላችሁ እኔም አልቀመጥም!»

ሽማግሌ የተላከበት ሰው ሽማግሌዎቹን አስታረቀ። ማህፉዛም ወንድሙ የሙስሊም ሥጋ እንደማይበላ ስለምታውቅ ምስርና ጎመን በአንድ ትልቅ ትሪ አቀረበች። በሉ። ጋሽ ወልደገብርኤል መረቁ። ስለ ድምፁ መልሶ ያነሳ አልነበረም።

ሁሴን ቤቱ ገብቶ የራሱን ፖስታ ሲከፍት ዓይኑ ከሁለቱ ትልልቆች ወደ ታች ወረደ። የጠልሀን ሰውዬ አገኘው። ስሙ እውነትም ረጅም ነው። በዚህ ሁሉ ከተማ ጠልሀ ብቻውን ሊሆን ነው ብሎ አሰበ፤ አንጀቱ አልቻለም። ከስሙ ጎን ያለውን ባዶ ክብ አቀለመ፣ ሚስቱ ሳታይ ፖስታውን አሸገ፣ ራሱ ሄዶ የድምፅ መስጫው ሳጥን ውስጥ ከተተ።

ምርጫው አለቀ። ግቢው ውስጥ ግማሹ ይጨፍራል፣ ግማሹ ተሰረቅን ይላል። ሁሴን ምሳውን ይዞ ሁሉም እያዩት ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደና የጠልሀ መኪና ውስጥ ገባ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም እንዳታወራ። ያንተን ሰውዬ መረጥኩ። ብቻህን እንዳትሆን ብዬ።»

ጠልሀ ማኘኩን አቆመ። «ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ጠልሀ ጨርቅ አነሳና ንጹሑን መሪ መጥረግ ጀመረ። ጠረገ፣ ጠረገ። ሁሴን ጨርቁን እያየ ጠየቀ።

«አንተም መርጠኸዋል፣ አይደል?»

ጠልሀ ዓይኑን ከመሪው ሳያነሳ ሳህኑን ወደ ሁሴን ገፋ አደረገለት።

«ብላ፣ ወረፋችን ሊደርስ ነው» አለው።