የተጣበቁት ሁለት ገጾች

ጎረቤታችን አኮርዲዮን ተጫዋቹ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑ አያይም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ያላወቅነው ሴትዮዋን ነው። ከሰዓት በኋላ ከክፍሉ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ትንፋሽ የማይወስድ። ስትገባም ስትወጣም ያያት ሰው የለም። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ለእሱ ደኅንነት ብዬ ነው።

ሴትዮዋ ታላቅ እህቱ ሆና ተገኘች። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ቁጭ ብላ የኮሌጅ መጻሕፍቱን እያነበበች ስልክ ላይ ትቀዳለታለች፤ እሱ ደግሞ ድምፁን አፍጥኖ ያዳምጣል። በአርባ ዓመቱ የሙዚቃ መምህርነት ዲፕሎማ ሊይዝ አንድ ፈተና ነበር የቀረው። አንድ ትምህርት ቤትም ዲፕሎማህን ይዘህ ና ብሎታል።

ፈተናው የሙዚቃ ታሪክ ነበር። እሱ በቃሉ መለሰ፣ የተመደበለት ጸሐፊ ጻፈ። መምህሩ ሲያርም መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል አንድ ሆኖ አገኘውና ጸሐፊውን ጠረጠረ። እህትና ወንድሙን ቢሮው አስጠራ። የሆነውን እህትየው ናት የነገረችኝ፤ ሁለቴ አስደግሜያታለሁ።

"ኩረጃ ከሆነ ከኮሌጁ ይሰናበታሉ" አለ መምህሩ። "እስቲ ባርኔጣዎን ያውልቁ።" የተደበቀ ማዳመጫ ፍለጋ ግራ ጆሮውን አየ፣ ቀኙንም አየ።

"ኩክ ካገኙ ይንገሩኝ" አለ ሙዚቀኛው።

መምህሩ አልሳቀም። መጽሐፉን ከእህትየው ተቀብሎ ከዚህም ከዚያም ይጠይቀው ጀመር። ሁሉንም መለሰ። እንዲያውም ይጨምራል፤ "እዚህ ጋ መርፌ ተሰብሯል፤ እዚህ ጋ ደግሞ አንዲት ደንበኛ ቀሚሴ ጠበበኝ ብላ ተጨቃጭቃለች።"

"መርፌ የሚል የት አለ?"

"መጽሐፉ ላይ የለም። ቅጂው ላይ ነው የሚሰማው።"

መምህሩን ይሄ ይባሱን አስጠረጠረው። የፈተናውን ወረቀት አውጥቶ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ። "አቀናባሪውን ከሕመሙ ያዳነው ማነው? ይህን ለምን ባዶ ተዉት?"

"እሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም።"

"ሠላሳኛው ገጽ ላይ አለ እንጂ።"

"የለም ስልዎ።"

መምህሩ ሊያሳያቸው ገለጠ። ከሃያ ዘጠኝ ቀጥሎ ሠላሳ ሁለት መጣ። መልሶ ገለጠ፤ ያው ነው። በጥፍሩ ቢፍቅ፣ ሁለት ወረቀቶች በደረቀ ሻይ ተጣብቀው ኖሯል። "ሻይ ፈሶበታል" አለ።

"እትዬ፣ ስኳሩ በዝቶ ነበር?"

"ዝም በል" አለች እህቱ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል።

"ሰውዬው ሊሞት ሲያጣጥር ቆይቶ ወዲያው ሠርጉ ሲደገስ ገርሞኝ ነበር። ሙዚቀኛ አይደል፣ ድግስ ሲሰማ ተነስቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት።"

ያኔ መምህሩ ገባው፤ ጸሐፊው ሹክ ቢለው ኖሮ ይህችንም አይዘልላትም ነበር። ወረቀቱ ላይ ፈረመ፣ ሰባተኛዋን ግን ዜሮ እንደሆነች ተዋት።

ጎረቤታችን ዛሬ መምህር ነው፤ ለዲግሪም እየተማረ ነው። እህቱ አሁን እሱ ክፍል መጥታ ነው የምትቀዳው፤ ብቻዋን አያምናትም። ትናንት በግድግዳው በኩል እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ፦

"ስንተኛው ገጽ ነው?"

"አርባ ስድስት።"

"ቅድም አርባ አምስት ነበር?"

"ነበር።"

"እስቲ በጥፍርሽ ሞክሪው።"

"አንተ ሰው፣ ጥፍሬ እኮ አለቀ።"